የሳንቶሪኒ እሳተ ገሞራ፦ የ2025ቱ መንቀጥቀጥ ምን ነበር? የደሴቲቱ ታሪክስ ምን ያሳያል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የመጨረሻ ሳምንት በደቡባዊ ኤጂያን ባሕር የምትገኘው የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ያለማቋረጥ በሚደጋገም ርዕደ መሬት መናጥ ጀመረች። የመንቀጥቀጡ መነሻ ከደሴቲቱ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ አኒድሮስ በምትባል ሰው በማይኖርባት ትንሽ ደሴት ዙሪያ፣ ከባሕር ወለል በታች ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ25 ሺህ በላይ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ፤ ከሁሉ የበረታው ፌብሩዋሪ 10 የደረሰው ሲሆን መጠኑ 5.3 ገደማ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች በመርከብና በአውሮፕላን ደሴቲቱን ለቀው ወጡ፣ የግሪክ መንግሥትም ፌብሩዋሪ 6 የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ።

በዚያ ሰሞን በአደባባይ የተነገሩት ማብራሪያዎች እርስ በርሳቸው ይጋጩ ነበር። አንዳንድ ባለሙያዎች መንቀጥቀጡ ከምድር ስንጥቆች መንሸራተት የመጣ እንጂ ከእሳተ ገሞራው ጋር የሚያያዝ እንዳልሆነ ሲናገሩ፣ ሌሎች ከባሕሩ ወለል በታች የቀለጠ ዐለት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ጠረጠሩ። ከባለሙያዎቹ ክርክር ውጭ ደግሞ፣ ከ3,600 ዓመታት ገደማ በፊት ደሴቲቱን የሰነጣጠቃት ታላቅ ፍንዳታ ሊደገም ነው የሚል ሥጋት በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። በእነዚያው ሳምንታት የፈንታሌና የዶፋን አካባቢ እየተንቀጠቀጠ፣ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ፎቆች እየተሰማ ስለነበር፣ ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አልነበረም።

ሳንቶሪኒን የሚያሰጋት አደጋ አንድ ዓይነት አይደለም። በመሬት ውስጥ የተጻፈው መዝገብ ቢያንስ አራት የተለያዩ አደጋዎችን ያሳያል፦ ታላቁን ፍንዳታ፣ የካሜኒ ደሴቶችን የሠሩትን አነስ ያሉ ፍንዳታዎች፣ ከባሕር በታች ያለውን የኮሎምቦ እሳተ ገሞራና ከስንጥቆች የሚነሣውን ርዕደ መሬት፤ ከእነርሱም ሕዝብ አብዝቶ የሚያወራለት ታላቁ ፍንዳታ ከሁሉ የሚዘገየው ነው። የ2025ቱ ክስተት በትክክል ሊመዘን የሚችለው እነዚህ አራቱ ተለይተው ሲታዩ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ደሴቲቱ ለምን እዚያ በቀለች?

የምድር የላይኛው ጠንካራ ቅርፊት አንድ ወጥ ሳይሆን ቴክቶኒክ ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። የአፍሪካ ፕሌት ሰሜናዊ ጠርዝ ከቀርጤስ ደሴት በስተ ደቡብ ወደ ታች ታጥፎ ከኤጂያን ቅርፊት ሥር ይገባል፤ ፍጥነቱም በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህን ሂደት ሰብደክሽን ይሉታል፤ አንዱ ፕሌት ከሌላው ሥር ሰርጎ መግባቱ ማለት ነው። ወደ ጥልቁ የሚወርደው ዐለት ከባሕር ወለል ይዞት የወረደውን ውኃ በሙቀትና በግፊት ብዛት ይለቃል። ውኃው በላዩ ወዳለው ትኩስ ዐለት ሲዘልቅ የመቅለጫውን ሙቀት መጠን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ሙቀቱ ሳይጨምር እንኳ ዐለቱ በከፊል ይቀልጣል። ይህ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ሳለ ማግማ፣ ወደ ውጭ ሲፈስ ላቫ ይባላል።

በዚህ መንገድ የተፈጠሩት እሳተ ገሞራዎች ከቀርጤስ በስተ ሰሜን እንደ ቀስት ተደርድረው ይታያሉ። በስተ ምዕራብ ሜታና፣ ቀጥሎ ሚሎስ፣ ከዚያ ሳንቶሪኒ፣ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ኒሲሮስ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ በታሪክ ዘመን ብዙ ጊዜ የነቃችው ሳንቶሪኒ ናት።

ለ2025ቱ ክርክር ቁልፍ የሆነ ሌላ ነገርም አለ። የኤጂያን ቅርፊት ከሥሩ ፕሌት ቢገባበትም ራሱ እየተለጠጠ ነው። ከሳንቶሪኒ እስከ አሞርጎስ ደሴት ባለው የባሕር ወለል ላይ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የተዘረጉ ረጃጅም ስንጥቆች ይገኛሉ፤ ማግማውም ወደ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እነዚህኑ ስንጥቆች ተከትሎ ነው። ክርስቲያና፣ ሳንቶሪኒና ኮሎምቦ የተባሉት ሦስቱ የእሳተ ገሞራ ማዕከላት በዚሁ መስመር ላይ መደርደራቸው በአጋጣሚ አይደለም። ስለዚህ «የስንጥቅ ነው ወይስ የእሳተ ገሞራ?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው በሁለት ሊለያይ የማይችለውን ነገር የሚለያይ ነበር።

የሳንቶሪኒ ሁሉም አካል እሳተ ገሞራ የወለደው ነው ማለትም ስሕተት ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል 567 ሜትር ከፍታ ያለው የፕሮፊቲስ ኢሊያስ ተራራ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ነው፤ እሳተ ገሞራው ከመጀመሩ እጅግ ቀድሞ ነበረ። ከዚህ አሮጌ ተራራ ጎን የተከመረው አመድ፣ ላቫና ፑሚስ ነው ዛሬ የምናያትን ደሴት የሠራት። ፑሚስ የምንለው በውስጡ የተያዘው ጋዝ እየሰፋ አረፋ ያደረገው፣ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው።

መገንባትና መፍረስ

በሳንቶሪኒ የእሳተ ገሞራ እንቅስቃሴ የጀመረው ከ650 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ከባሕር በላይ በሚታየው ገደል ላይ በንብርብር ተጽፏል፤ ጥቁሩ ንብርብር ላቫ፣ ነጩና ግራጫው ደግሞ አመድና ፑሚስ ነው። ይህን መዝገብ ያጠኑ ባለሙያዎች ባለፉት 360 ሺህ ዓመታት ውስጥ ብቻ 12 ታላላቅ ፍንዳታዎችን ለይተዋል። በአማካይ ሲሰላ በየ30 ሺህ ዓመቱ አንድ ማለት ነው። በእነዚህ መካከል ብዙ ትናንሽ ፍንዳታዎችና የላቫ ፍሰቶች ነበሩ።

ታላላቆቹ ለምን ያን ያህል በረቱ? መልሱ ያለው በማግማው ጠባይ ላይ ነው። የኤርታሌን የላቫ ሐይቅ በፊልም ያየ ሰው ቀጭንና ፈጥኖ የሚፈስ ባዛልት አይቷል፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ያለ ብዙ ተቃውሞ ያመልጣል። በሳንቶሪኒ ሥር የሚከማቸው ማግማ ግን በአብዛኛው ዳሳይት የሚባለው፣ ሲሊካ የበዛበት ወፍራም ዓይነት ነው። ቀጭን ሾርባ ሲፈላ እንፋሎቱ ዝም ብሎ ሲወጣ፣ ወፍራም ገንፎ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ይዞ እየፈነዳ እንደሚረጭ ሁሉ፣ ወፍራሙ ማግማም ጋዙን ይዞ ይቆይና ግፊቱ ሲያይል ዐለቱን ሰባብሮ አመድ አድርጎ ይበትነዋል።

በአንድ ጊዜ ብዙ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ማግማ ከወጣ በኋላ ከላይ ያለው ጣሪያ ባዶ በቀረው ክፍል ላይ ይደረመሳል። በዚህ ዓይነት የሚፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ካልዴራ ይባላል። የሳንቶሪኒ ካልዴራ ርዝመቱ 11፣ ስፋቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዛሬ በባሕር ተሞልቷል፤ ዙሪያውን የከበበው ገደል በአንዳንድ ቦታ ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ጎብኚዎች ፎቶ የሚነሱበት ነጫጭ ቤቶች የተደረደሩበት ጠርዝ የዚህ ድርምስምስ አፍ ነው። ካልዴራው ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ቢያንስ አራት ጊዜ ተደርምሷል። ከመጨረሻው በፊት የነበረው፣ ኬፕ ሪቫ በሚባለው ፍንዳታ የተፈጠረው፣ 22 ሺህ ዓመታት ገደማ ሆኖታል።

የባሕር ወለል ጥናት ይህን ታሪክ በቅርቡ አስፍቶታል። ከዲሴምበር 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 2023 ጆይድስ ሬዞሉሽን የተባለችው የምርምር መርከብ፣ በዓለም አቀፉ የውቅያኖስ ቁፋሮ ፕሮግራም ሥር፣ በካልዴራው ውስጥና በዙሪያው ቆፍራ ናሙና አወጣች። ከውጤቶቹ አንዱ ከ520 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት ከባሕር በታች የደረሰ፣ ቀድሞ የማይታወቅ ግዙፍ ፍንዳታ ነው፤ የጣለው ክምችት በትንሹ 90 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ተገምቷል። ይህን ያህል ግዙፍ ፍንዳታ በመሬት ላይ ይህ ነው የሚባል ምልክት ሳይተው እስከ ዛሬ ተሰውሮ መኖሩ፣ በደሴት እሳተ ገሞራዎች ላይ የብስ ላይ ብቻ የተመሠረተ ታሪክ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሚሆን ያስተምራል።

የነሐስ ዘመኑ ፍንዳታ

ሚኖአዊ ተብሎ የሚጠራው ፍንዳታ ባለፉት አሥር ሺህ ዓመታት በምድር ላይ ከደረሱት ታላላቅ ፍንዳታዎች አንዱ ነው። ስሙን ያገኘው በዚያ ዘመን በቀርጤስ ከነበረው የሚኖአውያን ሥልጣኔ ነው። በጊዜው በሳንቶሪኒ የበለጸገች የወደብ ከተማ ነበረች፤ ፍርስራሿ ዛሬ አክሮቲሪ በሚባለው መንደር አጠገብ ይገኛል።

ከተማዋ የተገኘችበት መንገድ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1860ዎቹ የሱዌዝ ቦይ ሲቆፈር፣ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሚንቶ ለመሥራት የሳንቶሪኒ አመድና ፑሚስ በመርከብ ይጫን ነበር። ቆፋሪዎች ከንብርብሩ ሥር የጥንት ግንብ አገኙ። በዚያው ዘመን የነቃውን እሳተ ገሞራ ለማጥናት የመጣው ፈረንሳዊው ጂኦሎጂስት ፈርዲናንድ ፉኬም ፍርስራሾቹን መረመረ። ሰፊው ቁፋሮ ግን የተጀመረው በ1967 በግሪካዊው የቁፋሮ ጥናት ሊቅ ስፒሪዶን ማሪናቶስ ነው። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች፣ የፍሳሽ መስመርና እጅግ ያማሩ የግድግዳ ሥዕሎች ወጡ። የሰው አስከሬን ግን አልተገኘም፤ ውድ ዕቃም ጥቂት ነው። ከፍንዳታው በፊት ርዕደ መሬት ከተማዋን እንደጎዳት፣ ሰዎችም ፍርስራሹን ማንሳት ጀምረው እንደነበር፣ በኋላ ግን ትተው እንደሄዱ የቁፋሮው ማስረጃ ያሳያል። እንግዲህ መሬቱ አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ሕዝቡም ሰምቷል። በመርከብ ከወጡ በኋላ ባሕር ላይ ወይም በሌላ የደሴቲቱ ክፍል አልቀው ይሆናል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ይህን ሊያጸና የሚችል የጅምላ መቃብር እስካሁን አልተገኘም።

ፍንዳታው በደረጃ የተከናወነ ነበር። በመጀመሪያ ቀጭን የአመድ ንብርብር የጣለ አነስተኛ ፍንዳታ መጣ። ቀጥሎ ወደ 36 ኪሎ ሜትር ከፍታ የደረሰ የአመድና የጋዝ ዓምድ ቆመ፤ እንዲህ ያለው ፍንዳታ ፕሊኒያን ይባላል። ከዚያ የባሕር ውኃ ወደ ማግማው መግቢያ ሲያገኝ ፍንዳታው ባሕርይውን ለወጠ፤ ትኩስ አመድ፣ ድንጋይና ጋዝ ተደባልቆ መሬት ለመሬት በከፍተኛ ፍጥነት ተንደረደረ። በስተመጨረሻ ጣሪያው ተደረመሰ። በደሴቲቱ ላይ የተጣለው ክምችት በአንዳንድ ቦታ አሥርት ሜትሮች ውፍረት አለው፤ አመዱም በአናቶሊያ፣ በጥቁር ባሕርና በዓባይ ደለል ውስጥ ተገኝቷል።

የፍንዳታው መጠን አሁንም ያከራክራል። በ2014 የቀረበ ስሌት በካልዴራው ውስጥ የተቀበረውን ጨምሮ የወጣውን ማግማ እስከ 80 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲያደርሰው፣ በ2023 የባሕር ወለሉን በድምፅ ሞገድ ፈትሾ የታተመ ጥናት ግን ወደ 35 ዝቅ አድርጎታል። የኋለኛው በቀጥታ በተለካ ውፍረት ላይ ስለተመሠረተ የበለጠ አሳማኝ ይመስለኛል።

ዘመኑም እንዲሁ ዐሥርተ ዓመታት ያስቆጠረ ሙግት አለበት። የግብፅንና የቀርጤስን ሸክላ እያመሳከሩ ዘመን የሚቆጥሩ የቁፋሮ ጥናት ሊቃውንት ፍንዳታውን ወደ 1500 ዓ.ዓ. ያቀርቡታል። ሬዲዮካርበን፣ ማለትም በሕያው ነገር ቅሪት ውስጥ ያለውን የካርበን መበስበስ ለክቶ ዕድሜ የማወቂያ ዘዴ፣ ደግሞ ወደ ኋላ ይስበዋል። በ2006 በፑሚሱ ውስጥ እንደቆመ የተቀበረ የወይራ ቅርንጫፍ ተመርምሮ ከ1627 እስከ 1600 ዓ.ዓ. ያለው ጊዜ ተሰጠው። በ2018 ግን የዛፍ ቀለበቶችን ዓመት በዓመት የለካ ጥናት፣ ማመሳከሪያው ራሱ ማስተካከያ እንደሚያስፈልገውና ከ1600 እስከ 1525 ዓ.ዓ. ያለው ዘመንም እንደሚቻል አሳየ። ሁለቱ ወገኖች ከቀድሞው ይልቅ ተቀራርበዋል፤ ስምምነት ላይ ግን አልደረሱም።

ስለ ውጤቱ የሚነገረው ደግሞ ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል። ማሪናቶስ በ1939 ባወጣው ጽሑፍ የሚኖአውያንን ውድቀት ያመጣው ይኸው ፍንዳታ ነው ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ በቀርጤስ የሳንቶሪኒ አመድ የተገኘው ቤተ መንግሥቶቹ ከፈረሱበት ንብርብር በታች ነው፤ በመካከላቸው የሕይወትና የግንባታ ዘመን አለ። የኖሶስ ቤተ መንግሥት ከፍንዳታው በኋላም ቀጥሏል። ሱናሚ የቀርጤስን ሰሜናዊ ምሥራቅ ጠረፍ መምታቱ በፓላይካስትሮ በተገኘው ክምችት ይታያል፤ በቱርክ የኤጂያን ጠረፍ በቼሽሜ ደግሞ ከሱናሚው ክምችት ጋር የአንድ ወጣት አጽም መገኘቱ በ2021 ታትሟል። ስለዚህ ፍንዳታው ንግድንና መርከቦችን ጎድቶ ሥልጣኔውን አዳክሞት ይሆናል ማለት ይቻላል፤ በአንድ ምት ጣለው ማለት ግን ከመሬቱ ማስረጃ ጋር አይስማማም። ስለ ሰጠመችው አትላንቲስ የሚነገረውን ትረካ ወይም የዘፀአትን መቅሠፍቶች ከዚህ ፍንዳታ ጋር የሚያያይዙም አሉ፤ የፍንዳታው ዘመን ራሱ በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ ባልተቆረጠበት ሁኔታ እንዲህ ያለው ትስስር የጂኦሎጂ ማስረጃ ሊባል አይችልም።

የካሜኒ ደሴቶች፦ በሰው ዓይን የታየው ታሪክ

ከታላቁ ድርምስምስ በኋላ እሳተ ገሞራው በካልዴራው መካከል እንደገና መገንባት ጀመረ። በ197 ዓ.ዓ. አዲስ ደሴት ከባሕር መውጣቷን የጥንቱ ጸሐፊ ስትራቦን መዝግቧል። ከ46 እስከ 47 ዓ.ም. ፓሌያ ካሜኒ ተፈጠረች። ከዚያ በኋላ ከ1570 እስከ 1573፣ ከ1707 እስከ 1711፣ ከ1866 እስከ 1870፣ ከ1925 እስከ 1928፣ ከ1939 እስከ 1941 እና በመጨረሻ በ1950 መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ላቫ ወጥቷል፤ ኔያ ካሜኒ የምትባለው ጥቁር ደሴት የዚህ ሁሉ ክምር ናት። አብዛኞቹ ዝግ ያሉ የላቫ ፍሰቶችና መካከለኛ ፍንዳታዎች ነበሩ። በእነዚህ ፍንዳታዎች መካከል ያለው ዕረፍት በረዘመ ቁጥር ቀጣዩ ፍንዳታ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆይ ያስተዋሉ ተመራማሪዎች አሉ። ከ1950 ወዲህ 75 ዓመታት ማለፋቸው በዚህ ስሌት ቀላል አይደለም።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ለብቻው የሚቆመው የ726ቱ ነው። አመዱ እስከ ትንሿ እስያና መቄዶንያ መድረሱን የባይዛንታይን ታሪክ ጸሐፊው ቴዎፋኒስ ይተርካል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሊዮ 3ኛም ፍንዳታውን ለቅዱሳት ሥዕላት ከሚሰጠው ክብር የተነሳ እንደ መጣ መለኮታዊ ቁጣ ቆጥሮት ሥዕላቱን ወደ መቃወም እንደሄደ ጽፏል። ጂኦሎጂስቶች ግን በመሬት ላይ የሚያገኙት የዚያ ዘመን ክምችት እጅግ ቀጭን ስለነበር ትረካው የተጋነነ ይመስላቸው ነበር። የባሕር ቁፋሮው በካልዴራው ወለል እስከ 40 ሜትር የሚደርስ የፑሚስና የአመድ ንብርብር አግኝቶ፣ መጠኑ እስከ 3.1 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ሊደርስ እንደሚችል በ2024 ይፋ ተደረገ። ይህ ግኝት ስለ ካልዴራው የነበረውን ግምት ይለውጣል። ከዚህ በፊት በታላላቆቹ ፍንዳታዎች መካከል ያለው ዘመን የዝግታ ዘመን ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ አሁን ግን በዚያ ዘመን ውስጥም፣ ታላቁ ከደረሰ ከ2,300 ዓመታት ገደማ በኋላ ብቻ፣ ከባድ ፍንዳታ ሊኖር እንደሚችል ታውቋል። ለእኔ ከቁፋሮው ውጤቶች ሁሉ ለዛሬው ነዋሪ ይበልጥ የሚያሳስበው ይህ ነው።

ኮሎምቦና የአሞርጎስ ስንጥቅ

ከሳንቶሪኒ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኮሎምቦ የሚባል እሳተ ገሞራ ከውኃ በታች አለ። ጫፉ ከባሕሩ ገጽ 18 ሜትር ብቻ ዝቅ ይላል፤ የጉድጓዱ ወለል ግን 500 ሜትር ይጠልቃል፤ ከዚያም 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ትኩስ ፈሳሽ ይወጣል። በ1650 ሲፈነዳ ሱናሚ አስነሣ፤ ወደ ሳንቶሪኒ የነፈሰው መርዛማ ጋዝ 70 ያህል ሰዎችንና ብዙ ከብቶችን ገደለ። ሱናሚውን ያባባሰው ከፍንዳታው ጋር ተያይዞ የእሳተ ገሞራው አንድ ጎን መናዱ እንደሆነ በ2023 የታተመ ጥናት አመልክቷል። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጉድጓዱ ሥር ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ማግማ እየተጠራቀመ መሆኑን አሳይቷል።

አራተኛው አደጋ ማግማ እንኳ አያስፈልገውም። ጁላይ 9 ቀን 1956 በአሞርጎስ አጠገብ መጠኑ 7.7 ገደማ የሆነ ርዕደ መሬት ደረሰ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሌላ ብርቱ መንቀጥቀጥ ተከተለ፤ ሱናሚም ተነሣ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሳንቶሪኒ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ነዋሪዎች ደሴቲቱን ጥለው ወጡ። ባለፉት 100 ዓመታት በሳንቶሪኒ ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ያደረሰው ይህ እንጂ እሳተ ገሞራው አይደለም።

በ2025 ከመሬት በታች የሆነው

የ2025ቱ ክስተት ቀደም ያለ ጅማሬ ነበረው። ከ2024 አጋማሽ አንሥቶ በካልዴራው ሥር ያለው መሬት በዝግታ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ተመሳሳይ ነገር ከ2011 እስከ 2012ም ታይቷል፤ ያን ጊዜ ከካልዴራው ሰሜናዊ ክፍል ሥር፣ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፣ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ማግማ ገብቶ ያለ ፍንዳታ አበቃ።

በ2025 የተንቀሳቀሰው ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በሴፕቴምበር 2025 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ማግማ ከጥልቁ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስንጥቁን እየከፈተ እንደሄደና ከባሕሩ ወለል በታች 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው እንደቆመ ደምድሟል። እንዲህ ያለው፣ ዐለትን ሰንጥቆ እንደ ቀጭን ግድግዳ የሚዘረጋ የማግማ ንጣፍ ዳይክ ይባላል። መንቀጥቀጦቹ የበዙት የዳይኩ ጫፍ ዐለቱን ሲሰነጥቅና በዙሪያው ያሉትን ስንጥቆች ሲገፋ ነው። ከዚያው ጋር ሳንቶሪኒና ኮሎምቦ ሁለቱም በትንሹ ዝቅ ማለታቸው ማግማው ከሥራቸው እንደተቀዳ ያመለክታል፤ ሁለቱ እሳተ ገሞራዎች በጥልቁ የሚገናኙበት መንገድ እንዳለም ይጠቁማል። ከሁለት ወራት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናትም 25 ሺህ ያህል መንቀጥቀጦችን አንድ በአንድ መርምሮ ዳይክ መሆኑን አጽንቷል፤ እርሱ ያተኮረው ግን ማግማው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ወደ ጎን እየተገፋ ባደረገው ጉዞ ላይ ነው።

እንግዲህ «የስንጥቅ ብቻ ነው» ያሉት ባለሙያዎች ተሳስተው ነበር ማለት ነውን? በከፊል። መንቀጥቀጦቹ በእርግጥ በስንጥቆች ላይ ነበሩ፤ ከካልዴራውም ሩቅ ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በእጃቸው የነበረው መረጃም ጥልቀቱን በትክክል ለመለየት አይበቃም ነበር። በተጨማሪ የ1956ቱን የሚያስታውስ ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈራው ትልቅ ርዕደ መሬትን መሆኑ ተገቢ ነው። ስሕተቱ የነበረው መላምቱ ላይ ሳይሆን፣ ገና ያልተጣራውን ነገር ለሕዝብ እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መናገሩ ላይ ነው። ነዋሪው «የቱ ነው እውነቱ?» ብሎ ግራ የተጋባው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ከአፋር ጋር ያለው ዝምድና

ከፈንታሌ እስከ ሳንቶሪኒ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ፤ የአንዱ መንቀጥቀጥ የሌላውን አላመጣውም። በሳንቶሪኒ ፕሌቶች ሲገፋፉ አንዱ ከሌላው ሥር ይገባል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን የአፍሪካ ፕሌት ራሱ ለሁለት እየተከፈለ ይራራቃል። የሚመሳሰሉት በአሠራሩ ነው፤ በሁለቱም ስፍራ በተለጠጠ ቅርፊት ውስጥ ዳይክ ገብቶ መሬቱን አናወጠ። በ2005 በደባሁ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፍቶት ነበር፤ ዛሬ ዳይክ እንዴት እንደሚጓዝ የሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው ከዚያ ነው።

ከንጽጽሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ይገኛል። በፈንታሌና በዶፋን መካከል የገባው ማግማ እንደ ሳንቶሪኒው ሁሉ ላቫ ሳያወጣ ቆመ። በጁላይ 2025 ግን ከኤርታሌ የተነሣ ዳይክ ወደ ደቡብ በሃይሊ ጉቢ ሥር አለፈ፤ ከአራት ወራት በኋላ፣ ኖቬምበር 23፣ በታሪክ ፈንድቶ የማያውቀው ሃይሊ ጉቢ አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ እስከ የመንና ኦማን ከዚያም አልፎ ወደ ህንድ ሰደደ። ስለዚህ ዳይክ ቆሟል ማለት ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት አይደለም።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል?

ሚኖአዊውን የሚያህል ፍንዳታ በቅርብ ይመጣል የሚያሰኝ ምልክት የለም። እንዲህ ላለው ፍንዳታ ብዙ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ማግማ በጥልቀት በሌለው ክፍል መጠራቀም አለበት፤ በ2025 የተንቀሳቀሰው ሁሉ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቢሆንም በ2012 የታተመ የማዕድን ቅንጣቶች ጥናት ማግማው በብዛት የተሞላው ከሚኖአዊው ፍንዳታ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ብቻ እንደነበር ስላሳየ፣ የ30 ሺህ ዓመቱን አማካይ እንደ ዋስትና መያዝ አይገባም።

ለሚመጡት ዐሥርተ ዓመታት ዝግጅት የሚሹት ግን ሌሎቹ ሦስቱ ናቸው። ደሴቲቱ 15 ሺህ ያህል ነዋሪ ይዛ በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ታስተናግዳለች። ፊራ፣ ኢሜሮቪግሊና ኢያ የተባሉት የደሴቲቱ መንደሮች የተሠሩት በካልዴራው ጠርዝ ላይ፣ በቀላሉ በሚናድ አመድና ፑሚስ ላይ ነው። ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች የሚቆሙበት አቲኒዮስ ወደብ በገደል ሥር ይገኛል፤ ወደ እርሱ የሚወርደውም ገደሉን እየተጠማዘዘ የሚያቋርጥ አንድ መንገድ ነው። በ2025 ባለ ሥልጣናት ሰዎች ከትናንሽ ወደቦቹ እንዲርቁና የመዋኛ ገንዳዎች እንዲደርቁ ማዘዛቸው ይህንኑ ከማሰብ ነበር። በጠርዙ ላይ ግንባታ ሳይገደብ የመውጫ ዕቅድ ብቻ ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው፤ አንድ የድንጋይ ናዳ መንገዱን ከዘጋው ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ክትትሉም ወደ ባሕር መውረድ አለበት። ሳተላይትና በየብስ ላይ የተተከሉ የቦታ መለኪያዎች የካልዴራውን እብጠት በሚሊ ሜትር ይለካሉ፤ የኮሎምቦን ወለል ግን ሊያዩት አይችሉም። የ2025ቱ ማግማ ወደ ኮሎምቦ ጎን መሄዱ በግልጽ የታወቀው፣ ችግሩ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት ተመራማሪዎች በጉድጓዱ ውስጥ የግፊትና የንዝረት መለኪያዎችን አስቀምጠው ስለነበር ነው። ያ የታሰበበት የምርምር ፕሮጀክት እንጂ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረም፤ መረጃውም የሚሰበሰበው መርከብ ሄዳ መሣሪያዎቹን ስታወጣ ነበር። ከባሕሩ ወለል በኬብል ወደ የብስ በየደቂቃው መረጃ የሚልክ ቋሚ ጣቢያ ከሌለ፣ የሚቀጥለው ዳይክ ከ4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በላይ መውጣቱ የሚታወቀው በንዝረቱ ብቻ ነው።